ሥዕልን ሠዓሊ ሲሰቅለው፦ የድሬዳዋና የሐረር የአውደ ርዕይ ዝግጅት አገልግሎት

ድሬዳዋ ውስጥ የሆቴል ሎቢ፣ ካፌ ወይም የተከራየ አዳራሽ በሥዕል ማስጌጥ የፈለገ ሰው የሚደውለው ብዙ ጊዜ ለሠዓሊ ነው። ሠዓሊውም የሙያ ጓደኞቹን ስቱዲዮ ዞሮ ሥራ ይመርጣል፣ ያጓጉዛል፣ ይሰቅላል፣ መግለጫ ይለጥፋል፤ ጊዜው ሲያበቃ አውርዶ ይመልሳል። ባጭሩ ስንገመግመው፦ ዓይናቸው አንደኛ፣ አሰቃቀላቸው ጥሩ፣ አጓጓዛቸው መካከለኛ፣ የወረቀት ሥራቸው ደካማ። ገንዘብ የሚከፈለው ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው፤ ጭቅጭቅ የሚመጣው ከኋለኞቹ ነው።

ስቱዲዮ የገባ ሠዓሊ ለእንግዳ የተደረደረውን ብቻ አይቶ አይወጣም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተደገፉትን ሸራዎች አንድ በአንድ ይገለብጣል፤ ጀርባቸውንም ያያል፣ እንጨቱ ተጣሞ እንደሆነ ይፈትሻል። ወፍራም ዘይት ቀለም ከላይ ደርቆ ከሥር ገና ለስላሳ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቅ መቼ እንደተሠራ ይጠይቃል። ከአርባ ሥራ ስምንቱን ወስዶ ሠላሳ ሁለቱን ለመተው የሚጨክነውም እሱ ነው፤ ባለቤቱማ አንዱንም መጣል አይሆንለትም። መርጦ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ፍሬድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ባልቲሞር ከሚገኝ የታሪክ ሙዚየም ክምችት የተዋቡ የብር ዕቃዎችንና የባሪያ እግር ብረትን አውጥቶ በአንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠ፤ መግለጫው «የብረታ ብረት ሥራ፣ 1793–1880» ብቻ ነበር የሚለው። የጨመረው ዕቃ የለም፤ ያየው ሁሉ ግን ገባው።

የሚያሳስበው የአዘጋጁ ሠዓሊ የራሱ ሥዕል ነው። ማስገባቱ ነውር የለውም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴሚየን ኸርስት እ.ኤ.አ. በ1988 ገና ተማሪ ሳለ ለንደን ውስጥ ባዶ የወደብ ሕንፃ አግኝቶ የጓደኞቹን ሥራ ሲያሳይ የራሱንም ሰቅሏል። እኛ ጋ የሚታየው ችግር ግን የቦታ ነው፦ ከመግቢያው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ የአዘጋጁ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ የወጣቱ ሠዓሊ ይሆናል። ስለዚህ አዘጋጁ ስንት ሥራ እንደሚያስገባና የት እንደሚሰቅለው ከምርጫው በፊት ይጻፍ። ከአሥር አንድ፣ ቢበዛ ሁለት፤ ከዋናው ግድግዳ ውጪ።

አሰቃቀሉ ላይ ምስጋና ይገባቸዋል። ጥሩዎቹ መሰላል ከማቆማቸው በፊት ሁሉንም ወለል ላይ ደርድረው ያያሉ፣ ያቀያይራሉ፤ ሜትርና ውኃ ልክ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልኩ የሥዕሉ መሐል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲውል ነው። ጀማሪ ሚስማሩን ራሱን 150 ላይ ይመታና ሥዕሉ በጣም ዝቅ ይልበታል። ቁመቱ 100 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ የጀርባ ሽቦው ሲወጠር ከላይኛው ጠርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ሥዕል ከሆነ፣ 150 ላይ 50 ተደምሮ 8 ይቀነሳል፤ ሚስማሩ 192 ላይ ነው ማለት ነው። ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ በሚያይበት ሎቢ መሐሉን ወደ 135 ማውረድ ይሻላል። ክፍተቱም በዓይን ግምት አይሁን። 6 ሜትር ግድግዳ ላይ ስፋታቸው 80 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አምስት ሥራዎች 4 ሜትር ይይዛሉ፤ የቀረው 2 ሜትር ለስድስት ክፍተት ሲካፈል 33 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ድሬ ላይ ሌላም ነገር አለ፦ ማራገቢያው። በአንድ ሚስማር የተሰቀለ ሥዕል ነፋሱ ቀስ በቀስ እያዘመመው ይሄዳል። ሁለት ሚስማር በተመሳሳይ ከፍታ፣ ከታች ሁለቱ ማዕዘን ላይ ትንሽ ጎማ፤ አለቀ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባሉት አሮጌ ቤቶች ደግሞ ልስኑ ወፍራምና ፍርክስክስ የሚል ስለሆነ ሚስማር በመዶሻ መምታት ልስኑን ያረግፋል። በድሪል በስቶ ድንጋዩ ድረስ የሚገባ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ ፕላስቲክ) እና ብሎን ነው የሚይዘው። ይህን ሳይነገረው የሚያውቅ አዘጋጅ ቢወደድም ይቀጠር።

መብራቱን ብዙዎቹ ያበዙታል። ለዘይት ቀለም እስከ 200 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል፤ የውኃ ቀለም፣ የቀለም ብዕር ሥራና የፎቶ ኅትመት ከ50 ባይበልጥ ይመረጣል። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ወረቀት አይሰቀልም፤ መጋረጃ ይኖራል ብሎ መተማመንም ዋጋ የለውም፣ አስተናጋጁ ይከፍተዋል። መስታወት ያለው ሥራ ከመስኮት ትይዩ ከሆነ ተመልካቹ የሚያየው ራሱን ነው።

አጓጓዙ ላይ ቅሬታ አለን። አክሪሊክ በሙቀት ይለሰልሳል፤ የድሬን ፀሐይ ስትጨምሩበት የሚሆነውን አስቡት። ሥዕሉ ባለ አረፋ ፕላስቲክ በቀጥታ ፊቱ ላይ ተጠቅልሎ ባጃጅ ኋላ ሁለት ሰዓት ከዋለ፣ ሲፈታ የአረፋዎቹ ክብ ክብ ምልክት ቀለሙ ላይ ታትሞ ይገኛል። ከዚያ በኋላ መጥረግም ማሸትም አይመልሰውም። ቀለሙን የሚነካው መጀመሪያ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ይሁን፣ ፕላስቲኩ ከዚያ በላይ፣ አረፋው ወደ ውጭ ዞሮ። ከአዲስ አበባ ተጠቅልሎ የሚመጣ ሸራ ደግሞ ቀለም ያለበት ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ፣ 15 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ባለው ቱቦ ላይ ይጠቅለል። ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ቀለም ሲዘረጋ ይሰነጠቃል፤ ብዙ ሰው ግን «ፊቱን ልጠብቅ» እያለ ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል።

ያንኑ ዝግጅት ወደ ሐረር የሚወስዱት በደንገጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ሥራዎቹ በጠርዛቸው ቆመው፣ ፊት ለፊት፣ በመሐላቸው ካርቶን ገብቶ ይታሰሩ እንጂ አይነባበሩ። ሐረር ከድሬ ከፍ ስለሚል ቀዝቀዝ ይላል፤ በክረምት እርጥበት ሸራ ቢላላ ከጀርባ ማዕዘኖቹ ላይ ያሉትን ሽብልቆች በቀስታ መታ መታ ማድረግ ያስተካክለዋል። ጀጎል ውስጥ ባለ የሐረሪ ቤት ከሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው። የቤቱ ግድግዳ ቀድሞውኑ በሙያተኛ እጅ ተደራጅቷል፦ መደቦቹ፣ ከግድግዳው የተቦረቦሩት መደርደሪያዎች፣ በሥርዓት የተሰቀሉት ስፌቶችና ሳህኖች። ስፌቱን አውርዶ ነጭ ግድግዳ የሚፈልግ አዘጋጅ ቤቱን አላነበበውም። ጎበዙ ትንንሽ ሥራዎችን መደቡ ላይ ባለ መቆሚያ ያሳያል፤ አንድም ሚስማር አይመታም። በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ከተማ ውስጥ ይህ ጥንቃቄ ሲያንስ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ቋሚ ክፍያ ወይስ ከሽያጭ በመቶኛ የሚለው መለየት አለበት፤ ሁለቱንም የሚጠይቅ አለ። እንበል ሥዕሉ 20,000 ብር ተሸጦ 30 በመቶ ለአዘጋጁ ቢሆን ለሠዓሊው 14,000 ይቀራል። የ3,000 ብሩ ፍሬም ከማን ኪስ እንደወጣ ካልተጻፈ 11,000 ይሆናል፣ ወዳጅነትም አብሮ ይሄዳል። «አቦ፣ በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚል አዘጋጅ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ግን ወረቀቱን አምጡለት። በርክክቡ ቀን እያንዳንዱ ሥራ ከፊት፣ ከጀርባና ከአራቱም ማዕዘን በስልክ ይነሳ፤ የሠዓሊው ስም፣ ርዕሱ፣ ዓመቱ፣ ቁሱ፣ መጠኑና ዋጋው ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ። ሥዕሉን ለፖስተርና ለቲሸርት ማባዛት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የማባዛትን መብት ለሥራው አመንጪ ሰጥቷል፣ ለሰቀለው አይደለም።

ማውረጃው ቀን ብዙ ጊዜ ከውሉ ይዘለላል። ሥራው በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ፣ የተሸጠው ሒሳብ መቼ እንደሚከፈል፣ ግድግዳው ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች በስቱኮ ሞልቶ ቀለም የሚቀባው ማን እንደሆነ አስጽፉ። ይህ የመጨረሻው ካልተጻፈ የሚቀባው ባለ ሆቴሉ ነው።