ዝኩኒን ፓስታ የሚያስመስለው መሣሪያ፦ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ

እናቴ ስኳር ከተገኘባት ሦስት ዓመት አለፋት። እንጀራውን ቀነሰች፣ ሻይ ያለ ስኳር ለመደች፤ ፓስታ ላይ ግን ወይ ፍንክች! የሥነ ምግብ ባለሙያዋ «እማማ፣ ፓስታውን ይቀንሱ፣ አትክልቱን ያብዙ» ስትላት «እሺ የኔ ልጅ» ትልና እቤት ስንደርስ ፓስታ በእንጀራ ትጠይቀኛለች። ስልኬ ላይ አንዲት ሴት ዝኩኒ አስገብታ እንደ ፓስታ የረዘመ ነገር ስታወጣ ያየሁ ቀን፣ መላ የተገኘ መሰለኝ።

መጀመሪያ የገዛሁት እርሳስ መቅረጫ የምትመስለዋን፣ በእጅ የምትያዘዋን ነው፤ በ650 ብር። ዝኩኒውን ሰክቶ ማዞር ብቻ ነው ሥራው። ሁለት ዝኩኒ ሳልጨርስ እጄ ዛለ። ጫፉ እያጠረ ሲሄድ ደግሞ ጣት ወደ ምላጩ ይጠጋል፤ አውራ ጣቴን አስነክቻታለሁ። ለብቻው ለሚኖር ሰው ትሆን ይሆናል፤ ለአምስት ሰው ቤት አትሞክሯት።

ከሁለት ወር በኋላ መርካቶ ወርጄ መዘውር ያለውንና ሦስት ምላጭ የሚቀያየርለትን በ2,900 ብር ገዛሁ። አራት የጎማ እግሮች አሉት፤ ሲጫኗቸው አየር አስወጥተው ይጣበቃሉ። ይጣበቃሉ ያለኝ ሻጩ ነው። የእኔ ጠረጴዛ እንጨት ነው፣ ላዩ ላይ ላስቲክ ተነጥፎበታል፤ መዘውሩን ሳዞር ላስቲኩም መሣሪያውም አብረው ተነስተው ሊከተሉኝ ነበር። ጎማው የሚይዘው ለስላሳ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ መስታወት ወይም እብነ በረድ ላይ። ሴራሚክም ይሆናል፣ ግን እግሩ የሁለት ሴራሚክ መጋጠሚያ ላይ ካረፈ አየር ያስገባና ይለቃል። እኔ ከአሮጌ የሳሎን ጠረጴዛ የተረፈ መስታወት አምጥቼ፣ ጎማዎቹን በውሃ አርሼ ስጫናቸው ነው ጸጥ ያለልኝ።

አሁን ወደ ዝኩኒው። የመጀመሪያው ቀን እንደ ፓስታ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሬ ስምንት ደቂቃ ተውኩት። የወጣው ሾርባ ነው። ዝኩኒ ከመቶ እጅ 95ቱ ውሃ ስለሆነ መቀቀል አያስፈልገውም። አሁን የማደርገው፦ ጨው ነስንሼ ሩብ ሰዓት አቆየዋለሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ እጨምቀዋለሁ፣ ከዚያ በጋለ መጥበሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ስልሱ ለብቻው ወፈር ብሎ ይሠራና ገበታ ሊቀርብ ሲል ይፈስበታል። ስልሱ ቀጭን ከሆነ ሁሉም ነገር ይዋኛል።

እናቴ የመጀመሪያዋን ጉርሻ አላምጣ አላምጣ «ልጄ፣ ይሄ ፓስታ የለበሰ ዱባ ነው» አለች። አልተሳሳተችም፤ ዝኩኒ የዱባ ዘር ነው። ስለዚህ ማታለሉን ትቼ ግማሽ ፓስታ፣ ግማሽ ዝኩኒ መቀላቀል ጀመርኩ። ይሄኛው ሰመረ። 100 ግራም የበሰለ ፓስታ ወደ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲኖረው፣ ያው መጠን ዝኩኒ 3 ግራም ገደማ ነው ያለው፤ ሳህኑ ሙሉ ሆኖ ፓስታው ግማሽ ሆነ ማለት ነው። እሷም አሁን «ዱባሽን አታብዢብኝ» እያለች ትበላለች።

ካሮት ላይ ግን አዘንኩ። ከጉልት የምገዛት ጣት የምታክለዋ ካሮት መሃሏ ተበስቶ ትሰነጠቃለች፤ መሣሪያው ወፍራም ካሮት ይፈልጋል። በሃያ ዓመቱ መፈቅፈቂያዬ ተመለስኩ። ቀይ ሥር ጥሬውን ቆንጆ አድርጎ ያወጣል፣ ሎሚና ቃሪያ ሲገባበት ለጾም ሰላጣ ግሩም ነው፤ ነጩ ፕላስቲክ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሮዝ ነው። የተቀቀለ ቀይ ሥር አትሞክሩ፣ ይፈራርሳል። ጥቅል ጎመን በጠፍጣፋው ምላጭ ጥሩ ይወጣል፣ ቢላም ያው ነው። ድንችን ልጆቼ ራሳቸው ናቸው የሚያዞሩት፤ አንዱ ድንች ሳይበጠስ ስንት ክንድ እንደሚወጣው ይለካካሉ። ሲጠበስ የሚጠጣው ዘይት ግን፣ በዛሬው የዘይት ዋጋ፣ አይነሳ።

ሌላው ሐሜቴ እጥበቱ ነው። ወዲያው ካልታጠበ የድንቹ ስታርች ምላጩ ጥርሶች መሃል ይደርቃል፤ እኔ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው የምፈገፍገው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በማይመጣበት ቀን አላወጣውም።

እንግዲህ ቤታችሁ ፓስታና ሩዝ ቀንስ የተባለ ሰው ካለ ግዙ፤ እኔ በሳምንት ሁለት ቀን እጠቀምበታለሁ፣ በገንዘቤ አልቆጭም። ለሰላጣ ማሳመሪያ ብቻ ከሆነ ግን ቢላና መፈቅፈቂያ ይበቃችኋል፤ በተረፈው ብር ዘይት ግዙበት። ከወሰናችሁ ደግሞ ሱቅ ስትሄዱ አንድ ድንች ቦርሳችሁ ውስጥ ጣል አድርጉ። እኔ ሳወጣ ሻጩ ሳቀብኝ፤ የመጀመሪያው መሣሪያ መዘውሩ ግማሽ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀር ግን ሳቁን ትቶ ከመደርደሪያው ሌላ አወረደልኝ።