ላሚኔት ወለል ከ14 ወር በኋላ፦ ጠላቱ ውኃ ነው

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የሳሎኔን ወለል ላሚኔት፣ ማለትም እንጨት የሚመስል ተገጣጣሚ ጣውላ፣ አስነጠፍኩ። ዛሬ 14 ወር ሞላው። ያኔ ሻጩም ገጣሚውም የነገሩኝ «አያያዙ ቀላል ነው፤ በጨርቅ ወልወል ማድረግ ብቻ ነው» ብለው ነበር። ነገሩ እውነት አለው። ጨርቁ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ያህል መርጠብ እንዳለበት፣ በየስንት ቀኑ እንደሚወለወል ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እሱን ቀስ እያልኩ ራሴ ተማርኩት፤ ትምህርቱም ስድስት ጣውላ አስከፍሎኛል።

ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ስረከበው ወለሉ ሊሾ ነበር፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቅዝቃዜው ካልሲ አልፎ አጥንት ይነካል። ልጄ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስትጫወት ሁልጊዜ ከሥሯ ብርድ ልብስ አነጥፍላት ነበር። ላሚኔት እንዳስገጥም ያደረገኝ ይኸው ብርድ ነው፤ በዚህ በኩል ወለሉ አላሳፈረኝም። ባለፈው ክረምት ልጄ በባዶ እግሯ ስትሮጥ ከርማለች፤ ብርድ ልብሱም ወደ አልጋው ተመልሷል።

የገዛሁት መርካቶ ነው። ቱርክ ሠራሽ፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ካርቶኑ ላይ «ኤሲ 4» የሚል የተጻፈበት ነው። ከሥሩ መጀመሪያ ፕላስቲክ፣ በላዩ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ፎም ተነጥፏል። ሻጮች «ኤሲ 4 ስለሆነ ምንም አይነካውም» ይላሉ። ይህ አባባል ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ጥቂት ላብራራው። ኤሲ የሚባለው መለኪያ የላይኛው ፊት መፋቅን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳይ ነው። 3 ለመኖሪያ ቤት ይበቃል፤ 4 ጠንከር ያለ ነው፤ 5 ሰው ለሚበዛበት ሱቅና ቢሮ የሚሆን ነው። ስለ ውኃ ግን ቁጥሩ ምንም አይናገርም።

ገጣሚው ቆርጦ የጣለውን አንድ ቁራጭ አንስቼ ጎኑን ተመልክቼው ነበር። እንጨት የሚመስለው መልክ የታተመ ወረቀት ነው፤ ሜላሚን በተባለ ሙጫ ተነክሮ፣ ከላዩ ደግሞ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ያለበት ጠንካራና ጥርት ያለ ሽፋን ለብሷል። ከዚያ በታች ያለው ቡናማ አካል በከፍተኛ ግፊት የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ነው። ቁራጩን ማታ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነክሬው አደርኩ። ጠዋት ሳወጣው ፊቱ ምንም አልሆነም። ጎኑ ግን እንደ ተዘፈዘፈ ባቄላ አብጦ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ወረቀት ወደ ላይ ገፍቶታል። ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ካደረቅኩት በኋላም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አልተመለሰም። ላሚኔት ያስገጠመ ሰው ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ቢያየው ደስ ይለኛል። ውኃ በፊቱ በኩል አይገባም፤ የሚገባው በመጋጠሚያውና በጠርዙ ነው፤ ከገባ ደግሞ መመለሻ የለውም።

እኛ ቤት ማጽዳት ስንል ውኃ ማፍሰስ ማለታችን ነው። ሊሾና ሴራሚክ ላይ ባልዲ ደፍተን፣ ኦሞ በትነን፣ በረኪና ጨምረን፣ በመጥረጊያ ፈግፍገን ነው ያደግነው። ላሚኔት ከዚህ ውስጥ አንዱንም አይወድም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እኔም በለመድኩት መንገድ፣ ውኃውን ብቻ ቀንሼ፣ በፈሳሽ ሳሙና እወለውል ነበር። ወለሉ በደረቀ ቁጥር በብርሃን ፊት ደመና የመሰለ ጭረት ይታይበት ጀመር። ሳሙናውን ሳበዛ ጭረቱም በዛ። በኋላ እንደገባኝ ይህ ቆሻሻ ሳይሆን የሳሙናው ቅሪት ነው፤ ወለሉ ስለማይመጠው ላዩ ላይ ይደርቃል፤ እግርም አቧራም የሚይዘው እሱ ነው።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። በየቀኑ በለስላሳ መጥረጊያ ደረቁን እጠርጋለሁ። ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ ሰፈራችን ግንባታ አያጣውም፣ በመስኮት የሚገባው አቧራ ውስጥም ደቃቅ አሸዋ አለበት። አሸዋው በጫማ ሥር ሆኖ ሲጎተት ወለሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። በሩ ላይ ከውጭም ከውስጥም የእግር መጥረጊያ አድርጌያለሁ፤ ጫማም እዚያው ይወልቃል። መወልወል በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው፤ ለ5 ሊትር ለብ ያለ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ከዚያ አይበልጥም። አንዳንዴ ሳሙናውን ጨርሶ እተወዋለሁ፤ ልዩነቱ አይታወቅም። ለላሚኔት ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽም ሞክሬዋለሁ፤ ጥሩ ነው፣ ጭረት አይተውም፣ ግን በሁለት ወር አለቀ፤ ደግሜ አልገዛሁትም።

መወልወያው ጠፍጣፋ፣ ራሱ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጨርቁ ማይክሮፋይበር የሆነ፣ እጀታው ላይ የሚረጭ ጠርሙስ የተገጠመለት ነው። ጨርቁን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ያሉኝ አራት ጨርቆች እስካሁን ይሠራሉ። ከፎጣ ጋር አላጥባቸውም፤ የፎጣውን ብናኝ ሰብስበው ወለሉ ላይ ይተዉታል። ጠርሙሱ ግን በአምስተኛው ወር ከሥሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። ለላሚኔት ከዚህ የባሰ ጉድለት የለም፤ መወልወያው ግድግዳ ተደግፎ ባደረበት ቦታ ጠዋት ትንሽ ኩሬ አገኛለሁ። ጠርሙሱን ነቅዬ ጣልኩትና ፀጉር ቤት ውስጥ የሚያገለግለውን ዓይነት በእጅ የሚረጭ ጠርሙስ ገዛሁ። ጨርቁን ከጨመቅኩት በኋላ መዳፌ ላይ እጫነዋለሁ፤ መዳፌ ቀዝቀዝ ይለዋል እንጂ አይረጥብም። ወለሉ ላይ ያለፈበት መስመር ደግሞ ደቂቃ ሳይሞላ መድረቅ አለበት። ካልደረቀ ጨርቁ ገና ውኃ አለው ማለት ነው።

የእኛ ሰፈር ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ወለሉም ላይ ጠብ ብሎ ከደረቀ ነጭ ነጥብ ይሆናል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ በደረቅ ጨርቅ በጣውላው ርዝመት አቅጣጫ አንድ ጊዜ እሄድበታለሁ። ለዚህ ትንሽ ሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም፤ ወለሉ የገዛሁት ዕለት የነበረውን መልክ የሚይዘው ግን በዚህ ነው።

ለፋሲካ እናቴ ከደሴ መጣች። የእሷ ቤት ወለል የጥንት ጣውላ ነው፤ በዓመት በዓል ዋዜማ ሰም ተቀብቶ፣ ተወልውሎ፣ ፊት ያሳያል። የእኔን ወለል በመዳፏ ዳበስ አድርጋ «ልጄ፣ ይህን የመሰለ ወለል ሰም አጥቶ ገርጥቶብሻል» አለችኝ። «እማዬ፣ ይህ እኮ እንደ አንቺ ቤት ጣውላ አይደለም፤ ሰም አይጠጣም» አልኳት። እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ ግን ግማሹን ሳሎን በጉልበቷ ተንበርክካ ቀብታ ጨርሳለች፤ ላቧ ከግንባሯ አልደረቀም። ምን ልበላት? እጇን ስሜ አመሰገንኳት። ሰሙ ለሦስት ሳምንት ላዩ ላይ ቆየ፤ የእግር ዱካ ያሳያል፣ ያዳልጣል፣ ልጄ ሁለት ጊዜ ወደቀች። እናቴ ከተመለሰች በኋላ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሦስት ማታ ሙሉ ስፍቅ ነበር። ላሚኔት ሰም፣ ቫርኒሽ፣ ማንጸባረቂያ የሚባል ነገር አያስፈልገውም፤ ተፍቆም አይታደስም። ፊቱ ከተበላ ጣውላውን መለወጥ ብቻ ነው።

ስለ ቡና ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ በእኛ ቤት ይህ ወለል በጣም የሚፈተነው ቡና ሲፈላ ነው። መጀመሪያ እንደ ልማዴ እርጥብ ቄጠማ ወለሉ ላይ ጎዘጎዝኩ። እንግዶች ሄዱ፣ ድካም ስለነበረብኝ ቄጠማውን ሳላነሣ አደርኩ። ጠዋት ስጠርገው ምንም አልነበረም። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንደሚባለው፣ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ከደገምኩ በኋላ ረከቦቱ የሚቀመጥበት አካባቢ ያሉት መጋጠሚያዎች ለዓይን ሳይሆን ለእግር ጣት መታወቅ ጀመሩ። አሁን መጀመሪያ የፕላስቲክ ምንጣፍ አነጥፋለሁ፤ ቄጠማው በእሱ ላይ ይጎዘጎዛል፤ እንግዳ እንደወጣ ሁሉም አብሮ ተጠቅልሎ ይነሣል።

ከሰሉም የራሱን ምልክት ትቷል። ለእጣን ወደ ማጨሻው ስቆነጥር አንዲት ፍም አምልጣኝ ወደቀች። ወዲያው አነሣኋት፤ የምስር ፍሬ የምታክል ቡናማ ነጥብ ግን ቀረች፤ በምንም አትለቅም። ከዚያ ወዲህ ከሰል የሚቀጣጠለው በረንዳ ላይ ነው፤ ማንደጃውና ማጨሻውም የሚቀመጡት ሰፊ የብረት ትሪ ላይ ነው። የሻማ ጠብታ ግን አያስጨንቅም፤ እስኪረጋ ጠብቆ በፕላስቲክ ማንኪያ ጠርዝ ገፋ ማድረግ ነው። የልጄ የጥፍር ቀለም ሲፈስም በአሴቶን ነካ ያደረግኩት ጥጥ ያለ ምንም ጠባሳ አንሥቶልኛል።

ወደ ስድስቱ ጣውላዎች ልምጣ። ሰኔ ላይ ውኃ ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር። ማታ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍቼ፣ አለመምጣቱን አይቼ፣ ሳልዘጋው ተኛሁ። ውኃው ሌሊት መጣ። ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ የነበረ ሰሃን ቀዳዳውን ደፍኖት ውኃው ሞልቶ ወደ ሳሎን ወርዷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ የደረስኩት ነገሩ ከተጀመረ ብዙ ሳይቆይ ይመስለኛል፤ በፎጣና በአንሶላ መጥጬ በግማሽ ሰዓት አደረቅኩት። ንጋት ላይ ወለሉ ደርቆ፣ አምሮ፣ ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ሳየው እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ የሁለት ጣውላ መጋጠሚያ ከፍ ብሎ ጥፍሬን ያዘኝ። በማግስቱ አራት ሆኑ።

ገጣሚው መጥቶ ዞኮሎውን፣ ማለትም በግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚሄደውን ጠርዝ፣ ነቀለ፤ ከግድግዳው ጀምሮ ጣውላዎቹን ረድፍ በረድፍ እየፈታ መጣ። ፎሙ ተነሥቶ ሲታይ ፕላስቲኩ ላይ ውኃው አሁንም ተኝቷል። ፕላስቲኩ የተነጠፈው ከሊሾው የሚመጣውን እርጥበት እንዲከለክል ነው፤ ከላይ የገባውንም ውኃ እንደዚያው ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ውኃ የፈሰሰበት ላሚኔት ላዩ ደረቀ ማለት ወለሉ ደረቀ ማለት አይደለም። በዚያው ሌሊት ዞኮሎ ነቅዬ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሁለት ጣውላ ብቻ ነበር የሚበላሸው። መስኮት ከፍተን አራት ቀን አደረቅነው። ያበጡት ስድስቱ ወጡ፣ የቀሩት በየቦታቸው ተመለሱ። ላሚኔት እ.ኤ.አ. በ1977 ስዊድን ውስጥ በፐርስቶርፕ ኩባንያ ሲፈጠር ጣውላዎቹ የሚያያዙት በሙጫ ነበር፤ የአንዱ ጣውላ ምላስ በሌላው ጎን ባለ ቦይ ውስጥ ገብቶ ያለ ሙጫ የሚቆላለፈው፣ እንደ እኔ ያለው ዓይነት በገበያ የታወቀው በ1990ዎቹ ነው። የእኔ በሙጫ የተያያዘ ቢሆን ኖሮ ደህናዎቹም ተሰብረው ይወጡ ነበር። ያዳነኝ ሌላው ነገር ስገዛ አንድ ካርቶን አስተርፌ አልጋ ሥር ማስቀመጤ ነው። ያንኑ መልክ ከወራት በኋላ ገበያ ላይ ለማግኘት የሞከረ ጎረቤቴ አልተሳካለትም።

ሌሎቹ ነገሮች ቀላል ናቸው። ክረምት ላይ ወለሉ እርጥበት ስቦ ሰፋ ይላል፤ በግድግዳው ዙሪያ በዞኮሎ የተሸፈነው የ10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለዚህ ነው። በረንዳው በር ሥር ክፍተት ስላልተተወ ሐምሌ ላይ እዚያ ጋ ወለሉ ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ጠርዙ ሲቆረጥ ተኛ። የሶፋና የወንበር እግሮች ሥር ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ለጥፌያለሁ፤ በየጥቂት ወሩ መለወጥ አለበት፣ አሸዋ ይሰበስባል። ድምፁ ግን አልተመቸኝም፤ ተረከዝ ያለው ጫማ ሲረግጠው ባዶ ሣጥን እንደሚመታ ይጮኻል፤ ከታች የሚኖሩትንም ሰዎች አስቤ ሳሎኑ መሃል ምንጣፍ አድርጌያለሁ።

ከ14 ወር በኋላ ፊቱ ላይ ያለው ጠባሳ ያቺ የፍም ነጥብና ከበሩ አጠገብ ያሉ ሁለት ስስ ጭረቶች ናቸው። ለሳሎን ደግሜ እመርጠዋለሁ። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ግን ሴራሚክ ይሁን፤ ከወጥ ቤት በር እስከ አንድ ሜትር ያለውንም ቦታ እንደገና ብጀምር በሴራሚክ እተካው ነበር። አሁን መኝታ ቤቱን ላስገጥም ነው። ጣውላው የክፍሉን አየር እንዲለምድ 48 ሰዓት መቆየት ስላለበት ካርቶኖቹ ከትናንት ጀምሮ አልጋው አጠገብ ተጋድመዋል፤ አንዱ ትርፍ ነው።