ሉን ወይስ ቨርሁፍ? የካርድ ቁጥርን በኮድ ለመፈተሽ

የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1954 ለፈጠራ መብት ያቀረበው፣ በቁጥር አጻጻፍ ላይ የተፈጠረ ስህተትን የሚይዝ ዘዴ በጥቂት የኮድ መስመሮች ያልቃል። ከቀኝ ተነስተን በየሁለተኛው ያለውን አሃዝ በ2 እናባዛለን፤ ውጤቱ ከ9 ከበለጠ 9 እንቀንስለታለን፤ ሁሉንም እንደምራለን። ድምሩ ለ10 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቁጥሩ አለፈ። ለሙከራ የሚያገለግለውን 4111 1111 1111 1111 እንውሰድ፦ 4 ወደ 8፣ ሰባት 1ዎች ወደ 2 ይለወጣሉ፤ ያልተነኩት ስምንት 1ዎች ሲጨመሩ 30 ይሆናል።

አንድ የተሳሳተ አሃዝ አያመልጠውም። ጎረቤት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ግን ቀዳዳ አለው፦ 09 በ90 ቢተካ አያውቅም፤ 9 ተባዝቶ 18፣ 9 ሲቀነስለት ተመልሶ ያው 9 ነውና።

ሆላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ያኮቡስ ቨርሁፍ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ዘዴ ይህን ቀዳዳ ይደፍናል። የህንድ መታወቂያ ቁጥር አድሃርም ይጠቀምበታል። ችግሩ ለስሌቱ የሚጠቀምባቸው የአሃዝ ሰንጠረዦች ናቸው፤ ሲገለበጡ አንድ አሃዝ ከተዛባ ፈታሹ ራሱ ይበላሻል፣ ስህተቱንም በዓይን ማግኘት ያደክማል።

አዲስ መለያ ቁጥር ከባዶ ለሚነድፍ ሰው ያለማመንታት ቨርሁፍን እመክራለሁ። ለክፍያ ካርድ ግን ሉን ብቻ ነው፤ ቁጥሩ የተሠራው በእርሱ ስለሆነ በሌላ መፈተሽ ደንበኛን ያለጥፋቱ መመለስ ነው። ደግሞም ፍተሻውን ማለፍ የአጻጻፍ ስህተት አለመኖሩን ቢጠቁም እንጂ ካርዱ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ያንን የሚያውቀው ባንኩ ነው።