የታኡል ሁለት አብያተ ክርስቲያናት፦ ሳንት ክሊመንት ወይስ ሳንታ ማሪያ?

በስፔን ካታሎኒያ ፒሬኒ ተራሮች ውስጥ ያለችው ታኡል ሮማኔስክ የሚባለውን የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ኪነ ሕንፃ ለሚወድ ሰው ተወዳጅ መንደር ናት። ሳንት ክሊመንት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 10 ቀን 1123 ተባረከ፤ ሳንታ ማሪያ በማግስቱ።

ፕላናቸው ተመሳሳይ ነው፦ በክብ የድንጋይ ዓምዶች የተለዩ ሦስት ክፍሎች፣ የእንጨት ጣሪያ፣ በምሥራቅ ጫፍ ግማሽ ክብ መቅደሶች። የሚለያዩት በደወል ማማው ነው። የክሊመንት ባለ 6 ደርብ ማማ ከሕንፃው ጎን ስለቆመ ቁመቱ ከሩቅ ይታያል። የማሪያው ባለ 4 ደርብ ሲሆን የደቡቡ ክፍል ውስጥ ገብቶ ስለተተከለ የውስጡን ቦታ ይሻማል።

የግድግዳ ሥዕሎቻቸው ከ1919 እስከ 1923 በተካሄደ ሥራ ተነሥተው ባርሴሎና ገቡ። የሚነሡት እንዲህ ነው፦ በሥዕሉ ላይ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ እየተኮማተረ የቀለሙን ንብርብር ይዞ ይላቀቃል። ታዲያ ሁሉም አይላቀቅም፤ በክሊመንት ግድግዳ ላይ የቀሩ የመጀመሪያው ሥዕል ቁርጥራጮች ዛሬም ይታያሉ። ከ2013 ጀምሮ የጎደለው በብርሃን ትንበያ ይሞላል። በማሪያ ግን የሚታየው ቅጂ ነው።

ጊዜ ካጠረ ክሊመንትን ያስቀድሙ፤ ማሪያ በመንደሩ መሃል ስላለች በእግር ቅርብ ናት።