የኤንኤፍኤስ ካሽ ሲያስቸግር፦ ካሹን ማጥፋት ወይስ ከርነሉን ማደስ?

ኤንኤፍኤስ (NFS) ማሽኖች በኔትወርክ የአንድ ሰርቨር ፋይሎችን የሚጋሩበት መንገድ ነው፤ ካሹ ደግሞ እያንዳንዱ ማሽን ለጊዜው የሚይዘው ቅጂ ነው። ችግሩ የገጠመን ቱሉ ዲምቱ ያለ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ዲዛይነሯ ፋይሉን አርማ ዘግታለች፤ ጎኗ ያለው ማሽን ግን አሮጌውን ይከፍታል። አንድ ባነር ከነስህተቱ ታትሟል።

መጀመሪያ ግን ይሄ በእርግጥ ስህተት ነው? ሊኑክስ ላይ ኤንኤፍኤስ የፋይል መረጃን (መጠኑን፣ የታረመበትን ሰዓት) በነባሪው ከ3 እስከ 60 ሰከንድ፣ የፎልደርን ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይይዛል። አዲስ ፋይል ዝርዝሩ ላይ ትንሽ ቢዘገይ ጤነኛ ነው። አንዱ ጽፎ ከዘጋው በኋላ ሌላው ሲከፍተው ግን አዲሱን ማየት አለበት። ካላየ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ላይ ስህተት ሊኖር እንደሚችል ጠርጥሩ።

ወጪ፦ ካሹን «ኖአክ» (noac) በሚለው የማውንት አማራጭ ማጥፋት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከርነል ማደስ ዳውንሎድም ሪስታርትም ይፈልጋል፤ በኛ ሰፈር ኔትወርክ ከሰዓት በኋላ አይሞከርም።

ፍጥነት፦ እዚህ ላይ «ኖአክ» ያስከፍላል። ደንበኛው ማሽን ሰርቨሩን በየጊዜው ይጠይቃል፣ ጽሑፉም ሁሉ ሰርቨሩ እስኪቀበል ይጠብቃል። ትልልቅ የህትመት ፋይል ላለው ሰው ቅጣት ነው። «አክቲሜኦ»ን (actimeo፣ ካሹ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነውን አማራጭ) ወደ 1 ሰከንድ ማውረድ ይቀላል፤ እኔ ከዚያ ነው የምጀምረው።

ስጋት፦ የመጀመሪያው በሽታውን ሊደብቀው ይችላል። የሁለተኛው በመሀል መብራት መጥፋቱ ነው፤ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ) አትንኩት።

ሥራ ተደርድሮ ደንበኛ በር ላይ ከቆመ የካሹን ጊዜ አሳጥሩ። ስህተቱ በአዲሱ ከርነል መታረሙን ካረጋገጣችሁ፣ እሁድም ቢሮው ባዶ ከሆነ፣ አድሱት።