ፊግማ ለጀማሪ ዲዛይነር፦ በነፃው ምን ያህል ያስኬዳል?

ዲዛይን መማር የሚፈልግ፣ ግን ገንዘብ የሌለው ልጅ በምን ይጀምር ለምትሉኝ መልሴ ፊግማ ነው፤ የአፕና የድረ ገጽ መልክ የሚነደፍበት ፕሮግራም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈር ልጆች የማስተምረው በሱ ስለሆነ ጥሩውንም የሚያስቸግረውንም አይቼዋለሁ።

ከዋጋው ልጀምር። የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቤ በ2013 ወደ ወርሃዊ ክፍያ ዞረ፤ ክፍያው በዶላር ነው። መርካቶ ሱቅ ከእናቱ ጋር እየዋለ ማታ ማታ የሚማር የ18 ዓመት ልጅ የዶላር ካርድ ከየት ያመጣል? ለዚህ ነው እዚህ አገር ስንትና ስንት የግራፊክስ ባለሙያ በክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት በተሰበረ ቅጂ፣ የተማረው። ስኬች የሚባለው ሌላው የዲዛይን ፕሮግራም ደግሞ ማክ ኮምፒውተር ካልሆነ አይሠራም። ፊግማ በ2016 ለሁሉም ሲከፈት ብሮውዘርና ኢሜይል ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ግድ የለውም፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይም ፋይሉ በጣም ካልከበደ ይሠራል። አዶቤ በ2022 በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ሲስማማ ነፃው ነገር አበቃለት ብዬ ሰግቼ ነበር። የአውሮፓና የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች ስላልተመቻቸው በ2023 መጨረሻ ስምምነቱ ፈረሰ፤ እሰየው ነው።

ነፃው በቡድን ፕሮጀክት ውስጥ ሦስት የዲዛይን ፋይል ብቻ ይፈቅዳል። የግል ድራፍት ግን የፈለጋችሁትን ያህል ነው፤ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

እኔ ግን ከነፃነቱ በላይ የምወድለት ሊንኩን ነው። ልጁ የሠራውን በሊንክ ይልካል፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ናይሮቢ ያለ ዲዛይነር ይከፍተዋል፣ እዚያው ልጁ የነደፈው ቁልፍ (በተን) ላይ «ይሄ ለምን እዚህ ሆነ?» ብሎ ኮሜንት ይጽፍለታል። የኛ ልጆች የሚጎድላቸው ይሄ ነው። ዩቲዩብ ላይ ትምህርት ሞልቷል፣ ሥራህን ቁጭ ብሎ የሚያይልህ ሰው ግን የለም። ዘመድ ወይ ጓደኛ ሙያው ውስጥ ያለው ልጅ ይህን በነፃ ያገኘዋል፤ ሌላው ለብቻው ይዳክራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ፣ ግን የሚቀበለው ጥቂት ነው፤ በ2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም ትኩረቱ ፕሮግራሚንግና ዳታ ላይ ነው። ዲዛይን የሚፈልግ ልጅ የሚሄድበት ቦታ ጠባብ ነው።

አማርኛስ? ይሠራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው የአማርኛ ፎንት እዚያው ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ግን ዝግጁ ቴምፕሌቶቹ ለእንግሊዝኛ የተሠሩ ናቸው፣ አማርኛ ስትከቱባቸው ወዲያው ይታያችኋል፦ መስመሮቹ ይጨናነቃሉ፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ርእስ ጉልበቱን ያጣል፣ «የይለፍ ቃልዎን ረሱ?» ደግሞ ከተሰጠው ቦታ ይወጣል። የመስመሩን ከፍታ ጨምሩ፣ ርእሱን በፊደል ውፍረት ለዩት፣ ቁልፎቹን በአውቶ ሌይአውት ሥሩ፣ ጽሑፉ ሲረዝም አብረው ይሰፋሉ። ልጆቹን ሁልጊዜ የምለምናቸው ፖርትፎሊዮአቸውን፣ ማለትም የሥራ ማሳያቸውን፣ በአማርኛ ሥራ እንዲሞሉት ነው። የእንግሊዝኛ የሙዚቃ አፕ የሠራ ጀማሪ ሺህ ነው። የእቁብ አፕ በአማርኛ የሠራ፣ ዳኛውና ጸሐፊው ምን ማየት እንዳለባቸው እቁብተኞችን ጠይቆ የሠራ ልጅ ግን ቀጣሪ ፊት የሚያወራው ነገር አለው።

አሁን ወደሚያስቸግረው። ኢንተርኔት ይፈልጋል። የከፈታችሁት ፋይል ኔትዎርክ ሲጠፋ መሥራቱን ይቀጥላል፣ ከዚያ በፊት ያልከፈታችሁትን ፋይል ለመክፈት ግን መጠበቅ ነው። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪ ከሆናችሁ የትምህርት ፓኬጁ የሚከፈለውን ደረጃ በነፃ ይሰጣችኋል፣ ተማሪነታችሁን ካረጋገጣችሁ ማለት ነው። ትምህርት ላቋረጠ ልጅ ግን አይሆንም፣ እኔ ደግሞ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም በር የሚፈልገው በጣም እሱ ነው።

ትልቁ ችግር ስልክ ነው። ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ያላቸው ስልክ ብቻ ነው፣ የፊግማ የስልክ አፕ ደግሞ ዲዛይኑን ለማየትና ኮሜንት ለመስጠት እንጂ በቅጡ ለመሥራት አይሆንም። እነሱን ካንቫ በሚባለው፣ ስልክ ላይ በሚሠራው ቀለል ያለ የዲዛይን አፕ አስጀምራቸዋለሁ፤ ፖስተርና የሱቅ ማስታወቂያ እየሠሩ ሳንቲም ያገኛሉ፣ ስለ ቀለምና ስለ ፊደል አቀማመጥ ዓይናቸው ይገራል። የአፕ ዲዛይን ሥራ ለመያዝ ግን ያ ብቻውን አያደርስም፣ ኮምፒውተር ማግኘት አለባቸው። ማሠልጠኛ ለመክፈት የምታስቡ ሰዎች ለአስተማሪ ከመክፈላችሁ በፊት አሥር ያገለገሉ ላፕቶፖች ግዙ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ኮምፒውተር ለሚያገኝ ልጅ ከ5 አራት ተኩል። ስልክ ብቻ ላለው 2።