ጅማ ውስጥ «ባለ 20 እጥፍ» ተብሎ የሚሸጠውን አጉሊ መነጽር ሳትሞክሩ አትግዙ

ወገኖች፣ ሰሞኑን ጅማ ውስጥ በጭንቅላት ላይ የሚታሰር አጉሊ መነጽር እየተሸጠ ነው። «ባለ 20 እጥፍ፣ ሌንሱ መስታወት፣ ባለ መብራት፣ ለዓይንም ጥሩ» ይላሉ። በቴሌግራም ይለቀቃል፣ ሱቅ ውስጥም አለ። ዋጋው 3,900 ብር ነው። እንዳትገዙት። የግድ እገዛለሁ የሚል ካለም ከዚህ በታች የጻፍኩትን ሙከራ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሳያደርግ ብሩን እንዳያወጣ።

ይህን የምጽፈው በተለይ ትንንሽ ምስል፣ ማለትም የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቅርጽ፣ ለምትቀቡ ነው። እዚህ ከተማ ከዋንዛ እንጨት ትንንሽ በርጩማና ፈረሰኛ እየጠረቡ፣ ቀለም ቀብተው ለእንግዳ የሚሸጡ ልጆች አሉ። ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላቸውን የ28 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ወታደር በአክሪሊክ የምንቀባም አለን። የእንዲህ ዓይነቱ ምስል ዓይን አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አጉሊ መነጽር ለእኛ ቅንጦት አይደለም፤ የሥራ ዕቃ ነው። ሻጮቹም ይህንን ስላወቁ ነው ትልቅ ቁጥር ይዘው የሚመጡት።

አብሮን የሚቀባ አንድ ልጅ ገዛው። ለሱ 3,900 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ፈረሰኞቹን ሸጦ ያጠራቀመው ነው። ዕቃውን አምጥቶ ሲያሳየን ሳጥኑ ላይ 20 የሚል ስቲከር ተለጥፏል። ስቲከሩ አንድ ጎኑ ተነስቶ ነበርና ቀስ ብለን ስንገልጠው ከሥሩ ፋብሪካው ያተመው ቁጥር ወጣ። 3.5 ይላል። ሌንሱንም ለካነው። ሩቅ ያለ መስኮት ምስሉ ነጭ ግድግዳ ላይ ጥርት ብሎ የወደቀው ሌንሱ ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ሲርቅ ነው።

ይህ 10 ሳንቲሜትር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ ዓይን አንድን ነገር ሳይቸገር በቅርብ የሚያይበት ርቀት 25 ሳንቲሜትር ተብሎ ይያዛል። ሌንሱ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ለማወቅ 25ን ምስሉ በጠራበት ርቀት ታካፍላላችሁ። 25 ለ10 ሲካፈል 2.5 ነው። ብዙ ፋብሪካዎች በዚህ ላይ አንድ ይደምሩና 3.5 ብለው ያትማሉ፤ ይህ የታወቀ የአቆጣጠር መንገድ ስለሆነ በሱ አልከራከርም። 20 ግን ከየትም አይመጣም። በእጅ የተለጠፈ ቁጥር ነው።

ልጁ ዕቃውን ይዞ ወደ ሻጮቹ ሲመለስ «መብራቱ ይሠራል አይደል? ታዲያ ምኑ ተበላሸ?» አሉት። ብሩን አልመለሱለትም። ደረሰኝም አልሰጡትም ነበር።

ሁለተኛም ዓይነት አለ፣ እሱ ደግሞ ስቲከር አያስፈልገውም። ሰዓት ሠሪዎችና ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት፣ እንደ መነጽር የሚደረግ፣ 10፣ 15፣ 20፣ 25 የሚሉ ትንንሽ ክብ ሌንሶች ያሉት ነው። የዚህኛው ቁጥር እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ቀለም ለሚቀባ ሰው አይሆንም፣ ሻጩም ይህን አይነግራችሁም። ሒሳቡን ሥሩት። 25 ለ20 ሲካፈል 1.25 ሳንቲሜትር ነው። የምትቀቡት ነገር ጥርት ብሎ የሚታያችሁ ከሌንሱ አንድ ሳንቲሜትር ከምናምን ላይ ሲሆን ብቻ ነው ማለት ነው። እዚያ ክፍተት ውስጥ ብሩሽ የት ይገባል? እጃችሁስ? አፍንጫችሁ ቀለሙን ሊነካ ይደርሳል፣ ፊታችሁ ራሱ ብርሃኑን ይከልላል። ብሩሹ ቢገባ እንኳ ሌላ ችግር አለ፤ ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት እየቀነሰ ይሄዳል፣ የፈረሱ አፍንጫ ጠርቶ ሲታያችሁ ከኋላ ያለው ፈረሰኛ ጉም ይሆናል፣ ወደ ፈረሰኛው ስትጠጉ ደግሞ ፈረሱ ይጠፋል። የሰዓት ጥርስ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሰዓት ሠሪውን ይህ ብዙም አያስቸግረውም። የኛ ሥራ ግን ፊት፣ ክንድና ጦር ያለው ነገር ነው።

ለቀለም ቅብ የሚመቸው፣ አንድ በሚደመርበት በፋብሪካዎቹ አቆጣጠር፣ ከ1.75 እስከ 2.5 እጥፍ ያለው ነው። ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ኦፕቲቫይዘር የሚባለውን፣ በጭንቅላት ላይ የሚታሰር የአሜሪካ አጉሊ መነጽር ብታዩ፣ በዓለም ላይ ትንንሽ ምስል የሚቀቡ ሰዎች በብዛት የሚያውቁት እሱን ነው፣ እያንዳንዱ ሌንስ እጥፉ ብቻ ሳይሆን የሚሠራበት ርቀትም አብሮ ይጻፍለታል። ቁጥር 3 የሚባለው ሌንስ 1.75 እጥፍ ሲሆን የሚሠራው በ35 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ቁጥር 5 የሚባለው 2.5 እጥፍ፣ በ20 ሳንቲሜትር ገደማ። ቁጥር 10 የሚባለው 3.5 እጥፍ ሆኖ ርቀቱ ወደ 10 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ በሱ ሙሉ ቀን መቀባት አንገት ይሰብራል። ታማኝ ሻጭ «በስንት ሳንቲሜትር ነው የሚሠራው?» ስትሉት መልስ አለው። «20 እጥፍ ነው አልኩህ እኮ» ብቻ የሚል ከሆነ ዕቃውን አያውቀውም ወይም እያወቀ እየሸወዳችሁ ነው።

«ሌንሱ መስታወት ነው» የሚሉትም ውሸት ነው። ልጁ የገዛው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ መሆኑ ብቻውን ነውር የለውም፣ ቀላል ስለሆነ ጭንቅላት ላይ አይከብድም። ችግሩ መስታወት ነው ብሎ የገዛ ሰው እንደ መስታወት መያዙ ነው። ቀለም ሲረጭበት በቲነር ይጠርገዋል፣ ሌንሱም ይደበዝዝና በዚያው ይቀራል። በደረቅ ጨርቅ ስትጠርጉትም ይጫጫራል። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ በለስላሳ ጨርቅ ብታደርቁት በቂ ነው። ለመለየት ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ መስታወት ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳልም። በጥፍር ስትመቱት ድምፁም ይለያል።

መብራቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በሱ ብቻ ስትቀቡ የሰው ቆዳ ቀለም እጅግ ያታልላል፤ ሌሊት ያማረ የመሰለ ፊት ጠዋት ውጭ ሲታይ ሌላ ቀለም ነው። የቀን ብርሃን ባለበት መስኮት አጠገብ መቀባት ይሻላል፣ መብራቱን ለጥቃቅኑ ነገር ብቻ አብሩት። አንዳንዱ ደግሞ በጠፍጣፋ የሰዓት ባትሪ ነው የሚሠራው። ቤታችሁ ሕፃን ካለ ይህን ባትሪ በጭራሽ እንዳያገኝ። ቢውጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥለው ይችላልና ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

በጣም ያናደደኝ ግን «ለዓይን ጥሩ ነው፣ መነጽር ያስጥላል» የሚለው ነው። ይህን ለሽማግሌ ጠራቢዎች ሲናገሩ ሰምቻለሁ። አጉሊ መነጽር ዓይን አያድንም። ሰው ከ40 ዓመት በኋላ ቅርብ ያለው ነገር እየደበዘዘ የሚሄድበት ምክንያት የዓይኑ ውስጣዊ ሌንስ ግትር እየሆነ መሄዱ ነው፤ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ምንም ነገር ይህን አይመልሰውም። ይባስ ብሎ በርካሽ ዕቃ ላይ የግራና የቀኝ ሌንሱ ከዓይናችሁ ጋር ካልገጠመ ምስሉ ሁለት ይሆናል፣ ራስ ምታትም ያመጣል። አባቶች ማየት እየተቸገሩ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው፣ አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት አያስፈልግም። ተለክቶ በሚሰጥ የማንበቢያ መነጽር ብቻ ሥራውን የሚቀጥል ብዙ ሰው አለ። ፕላስ 3 የሚባለው የማንበቢያ መነጽር ጤነኛ ዓይን ላላቸው በ33 ሳንቲሜትር አካባቢ ያጠራል፣ ይህ ደግሞ ለቀለም ቅብ የተመቸ ርቀት ነው፣ ዋጋውም ከዚያ 3,900 ብር ጋር አይወዳደርም። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው።

አሁን ሙከራው። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ሌንሱን ሱቁ ውስጥ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ አጠገብ ያዙትና ወደ በሩ አዙሩት። የውጭው መንገድ ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ይታያል። ምስሉ እስኪጠራ አስጠጉት፣ አርቁት። ከዚያ ከሌንሱ እስከ ግድግዳው በሳንቲሜትር ለኩና 25ን በዚያ ቁጥር አካፍሉ፤ ሳጥኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ስታወዳድሩት ግን እንደ ፋብሪካዎቹ አንድ ደምሩበት። ደቂቃ አይፈጅም፣ በክረምት ሰማዩ ደመና ቢሆንም ይሠራል። ሌንሶቹ ተደራራቢ ከሆኑ አንድ በአንድ ለኩ። በሌንስ ውስጥ ፀሐይን ግን በፍጹም እንዳታዩ፣ ቤት ስትገቡም ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አታስቀምጡት፤ ጨረሩን ሰብስቦ እሳት ያስነሳል። ቀጥሎ ማስመሪያውን በሌንሱ እዩት። መስመሮቹ ጠርዝ ላይ ከተጣመሙ ወይም ዳር ዳሩን ቀይና ሰማያዊ ቀለም ከታየ ሌንሱ ርካሽ ነው። ከዚያ አድርጋችሁት ትንሽ ቆዩ፣ እጃችሁን ብሩሽ እንደያዘ ሰው ከፊታችሁ አምጡት። እጃችሁ ካልገባ ወይም ምስሉ ሁለት ከሆነ መልሱላቸው።

ሻጩ «ሳጥኑ ከተከፈተ አልመልስም» ካለ ሳይከፈት አትክፈሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። 3.5 የሚለውን በ20 መሸፈን ትክክለኛ መረጃ አይደለም። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ደረሰኙ ላይም የሌንሱ እጥፍ ይጻፍ በሉ። ይህን ስትሉ ብቻ ዋጋውን የሚቀንስ ወይም «ቆይ ሌላ ላሳይህ» የሚል ታገኛላችሁ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ሳጥኑን አትጣሉት፣ ስቲከሩንም ሙሉ በሙሉ አትላጡት። ግማሹን ገልጣችሁ ሁለቱም ቁጥር አብሮ እንዲታይ ፎቶ አንሱ፣ የቴሌግራሙን ማስታወቂያም ሳይጠፋ ስክሪንሹት ያዙ። ልጁ በዚህ ሳምንት ይህንኑ ይዞ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ከአንድ ሰው ይልቅ ብዙ ሆነን ብንቀርብ ይሰማናልና እናንተም ማስረጃችሁን ይዛችሁ ኑ።